ለኤንትሬ ተጨማሪ ፈረስ

ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ይህን የእህቴን ልጅ አንድ በሉልኝ! ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጉልበት ያነሰው ነገር ሁሉ ተጠግኖ አልቆ የቀረችው የእኔ አሮጌ የጭነት መኪና፣ ኤንትሬዬ፣ ሆነችና፣ «ጋሼ፣ ሞተሯን ላጠንክርልዎ» ይለኛል።

ፊያት 682 ኤንትሬ እኮ 6 ሲሊንደር ናት፤ ሞተሯ ከ10 ሊትር ተኩል በላይ፣ ጉልበቷ 180 ፈረስ ገደማ። ተርቦ የሚባል ሳታውቅ የብር ሸለቆን በቆሎና የቡሬን በርበሬ ስታመላልስ ኖራለች። እሱ ግን 60 ፈረስ ይጨመርላት ባይ ነው። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲወጡ አይቻለሁ፤ እነዚያ ፈረሶች ገብስ የሚያቀርብ ባለቤት አላቸው። የእሱን 60 ፈረስ ናፍጣ የሚያጠጣው ማን ሊሆን ነው? እኔ!

መጀመሪያ የናፍጣ ፖምፓዋ ላይ ወጣ። ቡሎኗን ሩብ ዙር፣ ደግሞ ሩብ ዙር አዞረና «አሁን ጠገበች» አለ። ናፍጣውስ ገባ፤ አየሩ ከየት ይምጣ? ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ቡሬ 2,000ውን አልፋለች። የእኛ አየር ባሕር ጠረፍ ላይ ካለችው ምጽዋ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። አየር ያጣው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ተመለሰ። የተሰጣ ነጠላ፣ የተሰጣ በርበሬ፣ አልቀረም። ባለ በርበሬዋ እትዬ የረገመችው ደግሞ እኔን ነው!

ቀጥሎ ከሌላ መኪና የተፈታ ተርቦ ተሸክሞ መጣ። እውነቱን ልናገር፣ መናገሩ ቢያበሳጨኝም፦ ተርቦ በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ አየር ወደ ሲሊንደር ያስገባል፤ ለደጋ አገር መድኃኒት ነው። ግን ግፊቱ ሙቀት ይወልዳል። የኤንትሬ ፒስተን ለዚያ አልተሠራም። ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፣ ውሃው ይፈላል። ሞተሩ ቻለው እንበል፤ ፍሪሲዮኑ ያንሸራትታል። ፍሪሲዮኑን ብታጠነክር ካምቢዮው፣ ካምቢዮውን ብትቀይር ዲፈረንሻሉ ይጮሃል። የእኔ ኪስ ደግሞ ከሁሉም አስቀድሞ ይሰበራል።

ፍሬኑንስ ማን አነሳው? ከደጀን እስከ አባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ስለ ዳገቱ የሚጠይቀኝ ሞልቷል፤ ስለ ቁልቁለቱ የጠየቀኝ ጎረምሳ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

«ጋሼ፣ ሲኖትራክ እየቀደመን እኮ ነው።»

ይቅደማ! በቆሎው አይበርድበት!

ጉልበት ከፈለገ የአየር ማጣሪያዋን ያጽዳ፣ ኖዝሎቿን ያስፈትሽ፣ ቫልቯን ያስተካክል፣ ሬዲያተሯን ይጠብ። አሮጌ ሞተር ብዙውን ጊዜ ጉልበቱን የጣለው እዚያ ነው። ከልኩ በላይ የሚጭነውን ኩንታልም ያውርድ፤ ያን ጊዜ ዳገቱ ራሱ ያጥራል። ይህን ስነግረው «እሱማ ጥገና ነው» ብሎ ይስቅብኛል።

ለማንኛውም ተርቦው አልጋዬ ሥር ነው፤ አልተገጠመም። የሚፈልግ ካለ በርካሽ እለቀዋለሁ። ልጁን በምርቃት እጨምራለሁ።