የከተራ ለት ተራ

ይኸውላችሁ፣ አክስቴን ለኩላሊት እጥበት ማድረስ በሌላው ቀን ቀላል ጉዳይ ነው። ሽሮ ሜዳ ካለው ቤቷ ታክሲ ይጠራል፣ ቦርሳዋንና ጋቢዋን እይዛለሁ፣ በአሜሪካ ኤምባሲ አድርገን ስድስት ኪሎን እናልፍና ከአራት ኪሎ ወዲያ እንወርዳለን። ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ከማሽኗ ጎን ከተቀመጠች ቀኑ ደህና ነው። የዛሬው ወሬዬ ግን ስለ ከተራ ለት ነው። የአዲስ አበባን ከተራ የሚያውቅ ሰው የወሬውን ግማሽ ራሱ ሊጨርሰው ይችላል፤ ሌላው ግማሽ ግን ገና ከቤት ሳንወጣ የሆነ ነውና ታገሡኝ።

«ታዲያ ቀኑ ለምን አይቀየርላትም?» ትሉኝ ይሆናል። አንዱ ማሽን በቀን ለስንት ሰው በፈረቃ ይሠራል፤ የአንዷን ተራ ማዛወር የሌላውን መንጠቅ ነው። ኩላሊት ደግሞ በዓል አያውቅም። ጤነኛ ኩላሊት ሌት ተቀን ሳያርፍ በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም እያጣራ፣ የሚጠቅመውን ለሰውነት መልሶ፣ ሊትር ወይም ሁለት ሊትር ብቻ በሽንት ያስወጣል። ይህን ሥራ በማሽን ለመተካት በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት አራት ሰዓት ያስፈልጋል። በግል ማዕከል አንዱ እጥበት በሺዎች ብር ነውና፣ አቅም አንሶት ሦስቱን ወደ ሁለት ያወረደ በየሰፈሩ አለ። አክስቴም ከነሱ አንዷ ናት። ልጆቿ፣ እኔና ዕድሯ ተጋግዘን ሁለቱን እንይዛለን። ከሁለቱ አንዱ ቢቀር ምን እንደሚተርፍ እናንተው ገምቱት።

ያን ለት ማልጄ ስደርስ ነጭ የጥበብ ቀሚሷን ለብሳ አገኘኋት።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ እጅጌው ጠባብ ነው!»

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ሲባል አልሰማህም?»

ምን ይመለሳል? ነገሩ ግን እጅጌው ላይ ነበር። በግራ ክንዷ ፊስቱላ አላት፤ ሐኪሞች የደም ቅዳዋን ከደም መልሷ ጋር አገናኝተው፣ ሥሩ ሰፍቶና ጠንክሮ የእጥበቱን ትልልቅ መርፌ እንዲችል ያደረጉት ነው። ጣታችሁን ብታሳርፉበት ከሥር ሲነዝር ይሰማችኋል፤ ሲነዝር ነው ደህና የሚባለው፣ ዝም ካለ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። በዚያ ክንድ ግፊት አይለካም፣ ለምርመራ ደም አይቀዳም፣ ሰዓት አይታሰርበትም፣ ጀሪካን አይነሳበትም፣ ተንተርሰውትም አይተኙም። ጠባብ እጅጌማ ጨርሶ አይሆንም። ደግነቱ ሽሮ ሜዳ ሸማኔና የሀበሻ ልብስ ሰፊ አይጠፋም፤ ጎረቤት ያለችው ሰፊ መጣችና የእጅጌውን ስፌት እስከ ትከሻው ፈትታ፣ ቁልፍ ልትተክልበት ተቀመጠች። ሰዓቱም መሄድ ጀመረ።

ይህን ጊዜ ጠያቂዎች ገቡ።

እኛ አገር ታማሚ ባዶ እጅ አይጠየቅም። ሙዝ በአንድ ፌስታል፣ ብርቱካን በሌላው፣ የአቮካዶ ጁስ በላስቲክ ጠርሙስ፤ ሁሉም ከልብ የመጣ፣ ሁሉም ለአክስቴ መርዝ። መርዝ ስል አላጋነንኩም። በነዚህ ፍሬዎች ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ጤነኛ ኩላሊት ሲበዛ ያስወጣዋል፤ የደከመ ኩላሊት ግን ስለማያስወጣው ከአንዱ እጥበት እስከ ሌላው በደም ውስጥ ተከማችቶ ልብን ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያቆም ይችላል። ቲማቲምና ድንችም እንዲሁ ናቸው። ድንች ካማራት ተልጦ፣ ደቅቆ ተከትፎ፣ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው ይደፋል፤ ያም በልኩ። ጨው ደግሞ ያስጠማል፤ ለሷ ጥም ከረሃብ ይከፋል፣ ምክንያቱም የተፈቀደላት መጠጥ በቀን ከግማሽ ሊትር ብዙም አይዘልም። በዚህ ውስጥ ቡናው ይቆጠራል፣ ሾርባው ይቆጠራል፣ ክኒን የሚዋጥበት ውሃ ሳይቀር ይቆጠራል።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሙዙን ተቀበልኩና ለሰፊዋ ልጆች ሰጠሁ። ያመጡት እናት ዓይናቸው ተከተለኝ። «ዘመዱን በረሃብ ሊጨርሳት ነው» አሉ፣ እኔ እንድሰማው ሆኖ። ገና አፌን ከፍቼ ስለ ፖታሲየም ሳልጀምር ሌላዋ ሙሉ ሃይላንድ ጠበል ይዘው ገቡ። ከሩቅ ደብር ያስመጡት፣ ሌሊቱን ሲጸልዩበት ያደሩት። «ሙሉውን ትጠጪዋለሽ፣ ከዚያ ወዲያ ማሽን የለም» አሉ። እግዜር ያሳያችሁ፤ አንድ ሊትር! አንድ ጊዜ እሳቸውን አየሁ፣ አንድ ጊዜ ሰዓቴን። «እማማ፣ ሐኪሙ መጠጥ…» ስል፣ «አንተ ልጅ፣ አልተጠመቅክም እንዴ?» አሉኝ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሰፊዋ ሳትቀር መርፌዋን አቆመች። በዚያች ደቂቃ ከሃይማኖቴም ከዘመዶቼም የወጣሁ ያህል ተሰማኝና ፊቴ ጋለ።

ያወጣችኝ አክስቴ ናት። «እማማ ይስጡኝ፤ የነፍስ አባቴም ነግረውኛል፣ በእምነት ከሆነ ጉንጭ ታህል ይበቃል» አለች። በቡና ስኒ ቀድታ ተጎነጨች፣ የተረፈውን ግንባሯንና እግሯን አስረጨች። ሴትየዋ አልቅሰው ሳሟት። በሐኪምና በእምነት መሃል መርጦ መጣላት የለም፤ እንዲህ አድርጎ ማስማማት ይቻላል። አክስቴ ይህን ከኔ በተሻለ ታውቅበታለች።

ስንወጣ ስድስት ሰዓት አልፏል። ታክሲው ኤምባሲውን ሳይደርስ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ተዘግቷል። ትራፊኩን ለመንኩት፤ እሱም አዝኖ «ወንድሜ፣ ከፊት ለፊት ያለው ሕዝብ እኮ ነው፣ መኪናውን በየት ላሳልፍልህ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ወረድን።

ሰው ሲያብጥ ብቻ ነው ውሃ የያዘ የሚመስላችሁ? ውሃው ሳንባ ውስጥም ይገባል። አክስቴ ጥቂት ትራመዳለች፣ ትቆማለች፣ ትተነፍሳለች። እኔ ጋቢውን ራሴ ላይ ጠምጥሜ፣ ቦርሳውን አንግቼ፣ ጤነኛ ክንዷን ይዤ «ታማሚ ይዣለሁ! አሳልፉን!» እያልኩ እጮሃለሁ። ሰዉ ዞሮ ሲያይ እሷ በነጭ ጥበብ አምራለች፣ በላብ የተጠመቅሁት እኔ ነኝ። «አይዞህ ወንድሜ!» አሉና እኔን ደገፉኝ። አንዷ ልጅ የታሸገ ውሃ ከፍታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። «እኔ አይደለሁም» ብል ማን ይሰማል? ጠርሙሱን ይዤ ቆምኩ። አክስቴ ዓይኗን ከውሃው ላይ ነቅላ ወደ ሰማይ አየች። ከንፈሯ ደርቋል። ጉሮሮዬ እየተቃጠለ መጠጣት አቃተኝ፣ መመለስም ነውር ሆነብኝ፤ እንዲሁ ስድስት ኪሎ ድረስ ተሸክሜው ሄድኩ።

የሰማዕታት ሐውልቱ ጋ ስንደርስ ከወጣቶቹ መሃል የተወረወረ ሎሚ መጥቶ ደረቷ ላይ አረፈ። ሳቀች! እጥበት ከጀመረች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም። «በስተርጅና ተወረወረልኝ!» አለችና አንስታ አሸተተችው። ለካ ሎሚ ለሷ መድኃኒትም ነው፤ ቁራጩን አፍ ውስጥ ሲይዙት ምራቅ ያመጣና ጥሙን ያለ ውሃ ያስታግሳል። በኪሴ ቢላ ስለሌለ በጥርሴ ቀደድኩላት። ከዚያ አንድ ወጣት፣ ለታቦቱ ምንጣፍ ከሚያነጥፉት ቲሸርት ለባሾች አንዱ፣ «ማናት ታማሚዋ?» ብሎ ጠየቀ። እሷ ራሷ «እኔ ነኝ ልጄ» ብላ የእጅጌዋን ቁልፍ ፈትታ ክንዷን አሳየችው። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። ጓደኞቹን ጠራ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ከበቧት፣ በዳር በዳር እያስከፈቱ ወደ አራት ኪሎ አሻገሩን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ያኔ ነው የገባኝ። ልጆቹ ስማቸውን እንኳ ሳይነግሩን ወደ ታቦታቸው ተመለሱ።

ማዕከሉ ስንገባ ስምንት ተኩል ሆኗል። ሲስተር ሚዛን ላይ አወጣቻት፤ ከደረቅ ክብደቷ ሦስት ኪሎ ጨምራለች፣ ሦስት ሊትር ውሃ ማለት ነው። ያን ያህል ውሃ በተረፈው ጊዜ ተቻኩሎ ቢወጣ ግፊቷ ይወርዳል፣ ጡንቻዋ ይሸማቀቃል፣ ልቧ ይደክማል። አራት ሰዓቷ ሙሉ እንዲሆን ደግሞ ቀጣዩ ባለ ተራ መጠበቅ አለበት። ቀጣዩ ባለ ተራ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ልጅ ነው፣ ቀድሞ መጥቶ ጥግ ተቀምጧል። ነገሩን ሰምቶ «ሙሉውን ስጧት፣ እኔ እጠብቃለሁ» አለ። ሌሊት ወደ ቤቱ በምን እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። እሱም ውሃ ይዟል፣ እሱም ይተነፍሳል በጭንቅ። እንዲህ ያለ ቸርነት አይቼ አላውቅም።

ደሟ በቱቦው ወጥቶ በፊልተሩ አልፎ ሲመለስ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ይህ ነገር ከየት መጣ ብላችሁ ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1943 ሆላንድ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች፣ ካምፐን በምትባል ከተማ ዊለም ኮልፍ የተባለ ወጣት ሐኪም የቋሊማ መሸፈኛ ሴሎፎን በእንጨት ከበሮ ላይ ጠምጥሞ ደም አጣራበት። መጀመሪያ የሞከረላቸው ሕመምተኞች አልተረፉም፤ በ1945 ግን አንዲት የ67 ዓመት ሴት ነቁ። ዛሬ ለአንድ እጥበት 120 ሊትር ያህል የተጣራ ውሃ ያልፋል። አክስቴ ከዚያ ሁሉ ውሃ አጠገብ ተኝታ የሎሚዋን ልጣጭ ትመጠምጣለች። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በሀገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ተሠርቷል፤ ልጇም «የኔን ውሰጂ» ካላት ቆየ። «አንተ ገና ልጅ ታሳድጋለህ» እያለች እስከ ዛሬ እሺ አላለችም። ሕመሟ የጀመራት ከግፊት ነው፤ ለዓመታት «ራስ ምታት ነው» እየተባለ የሕመም ማስታገሻ ስትውጥ ኖራለች።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ግፊት ወይም ስኳር ያለባችሁ በሚቀጥለው ምርመራችሁ ኩላሊታችሁንም አስመርምሩ፤ ጥቂት የደምና የሽንት ምርመራ ነው። እጥበት ላይ ያለ ዘመድ ወይም ጎረቤት ያላችሁ ደግሞ ሙዙን ተዉትና የእጥበቱን ቀን ጠይቁ። መኪና ያለው አንድ ቀን ያድርሰው፣ የሌለው አራቱን ሰዓት አብሮት ይቀመጥ፣ ገንዘብ የተረፈው የጎደለችውን ሦስተኛዋን እጥበት ይክፈልለት።