ሥልሳን ዘለለች

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ እንግሊዝኛ ሊማር ማልታ ሄደ። «ምን ጎድሎት?» የምትሉ ምቀኞች እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ልጁ በ4 ዓመቱ መዋዕለ ሕፃናት ከገባ ጀምሮ ያደገው በእንግሊዝኛ ነው። የሚማርበት ትምህርት ቤት በግቢው ውስጥ አማርኛ ሲናገር የተገኘን ልጅ ይቀጣል፤ እህቴም ይህንኑ ደንብ ሳሎኗ ድረስ አምጥታ አጽድቃዋለች። «ካም ሂር»፣ «ዶንት ተች»፣ «ፊኒሽ ዩር ፉድ» ሲባል እነሆ 17 ዓመት ሞላው። በዚያ ቤት አማርኛ የሚናገሩ የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሠራተኛዋና እናቴ። ሠራተኛዋም ብትሆን ሰሞኑን «ኦኬ» ማለት ጀምራለች።

እንዲህ በእንግሊዝኛ ተጠምቆ ያደገ ልጅ እንግሊዝኛ ፍለጋ ባሕር የሚሻገረው ለምንድን ነው? እህቴ ቡና አስፈልታ አስረዳችኝ። «ወንድምዬ፣ እዚህ የሚማረው እኮ የኛን እንግሊዝኛ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ከዋናዎቹ አፍ ይስማ እንጂ!»

ልክ ናት። የኛ እንግሊዝኛ ምን ያህል እንደሚያዛልቅ አይተነዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ አስጀምሮን፣ 9ኛ ክፍል ስንደርስ ሒሳቡንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ አድርጎልን ሲያበቃ፣ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። የቀሩት 96.7 በመቶ ማልታን አላዩም። ሌላ ምን ምክንያት ሊኖር ይችላል?

ዋናዎቹ ያሉት እንግሊዝ አገር ነው። እዚያ ደግሞ ኑሮው እሳት ነው ተባለ። ስለዚህ ዋናዎቹ ቀርተው ዋናዎቹ የገዟት ደሴት ተመረጠች። ማልታ ከሲሲሊ በስተደቡብ፣ ሜዲትራኒያን ባሕር መሀል ያለች 316 ካሬ ኪሎ ሜትር የምትሆን አገር ናት፤ አዲስ አበባችን ትበልጣታለች። እንግሊዞች እስከ እ.ኤ.አ. 1964 ገዟት፤ ሲወጡ ቋንቋቸውን ትተው ሄዱ። ማልታዎች ብልህ ሰዎች ናቸው፤ የተተወውን አንሥተው፣ አቧራውን አራግፈው፣ ዛሬ በሳምንት ሒሳብ ያከራዩታል። እኛ በበኩላችን በዓድዋ እንኮራለን። ማንም አልገዛንም። ሰኔ ባለቀ ቁጥር ግን መገዛት ምን ዓይነት ትሩፋት እንደነበረው ልጆቻችን እንዲቀምሱት በዩሮ ከፍለን እንልካቸዋለን።

እናቴ ወሬውን ስትሰማ ደስ አላት። «መላጥያ ነው የሚሄደው?» አለች። ቅዱስ ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ የወጣባት፣ እፉኝት ነድፋው ምንም ያልሆነባት ደሴት መሆኗን ከሐዋርያት ሥራ ታውቃለች። ጳውሎስ እዚያ የቆየው 3 ወር ነው። የእህቴ ልጅ የሚቆየው 4 ሳምንት። ጳውሎስ ግን ያን ያህል ቆይቶ ሰርተፍኬት እንኳ ሳይዝ ነው የወጣው።

የቪዛውን ጣጣ እኔ ያዝኩት። እንግሊዝኛ ሊማር የሚሄድ ሰው የሚሞላው ቅጽ በእንግሊዝኛ ነው። ይህን ያሰበውን ሰው ባገኘው እጁን እስማለሁ፤ ቅጹን መሙላት የቻለ ትምህርቱን አይፈልገውም፣ ያልቻለም ትምህርቱ ዘንድ አይደርስም። የሞላሁት በጠመኔና በጥቁር ሰሌዳ በተማርኩት፣ በዚያ «በኛ እንግሊዝኛ» ነው። የማይመለስ 90 ዩሮ ተከፈለ። ከዚያ ደግሞ ልጁ እንግሊዝኛውን እንደጨረሰ አገሩ እንደሚመለስ የሚመሰክር የባንክ ሒሳብ፣ የቤት ካርታና የንግድ ፈቃድ ተያያዘ። ቋንቋው እንዲገባበት እንጂ እሱ ቋንቋው ውስጥ ገብቶ እንዳይቀር መሰለኝ።

ቦሌ ሸኘነው። እናቴ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥራ ሰጠችው። «ታንክ ዩ ግራኒ» አላት። «ምን አለኝ?» አለችኝ። «እግዜር ይስጥልኝ ነው» አልኳት። «ታዲያ እንዲያ አይልም?» አለች።

የማልታው ትምህርት ቤት ሰኞ ጠዋት ፈትኖ ከኤ1 እስከ ሲ2 ካሉት 6 ደረጃዎች ቢ1 ላይ መደበው። ክፍሉ ውስጥ 12 ሆኑ፤ ሰባቱ ጣሊያኖች፣ ሁለት ቱርኮች፣ አንድ ኮሎምቢያዊ፣ አንዲት ጃፓናዊትና የኛ ልጅ። እህቴ ከአዲስ አበባ ድረስ የከፈለችበት የዋናዎቹ አፍ በቁጥር አንድ ነው፤ የመምህሯ። አንድ ክፍለ ጊዜ 45 ደቂቃ ነው፤ መምህሯ እንደ መናኝ ዝም ብትልላቸው እንኳ ለአንድ ተማሪ 4 ደቂቃ አይሞላም። በሳምንት 20 ክፍለ ጊዜ፣ በ4 ሳምንት 60 ሰዓት። ሁለት ቀን ተኩል ማለት ነው። እንግሊዝኛ በሁለት ቀን ተኩል ካለቀ እኛ 12 ዓመት ምን ስናደርግ እንደኖርን እንጃ።

ከሰዓት በኋላው የባሕር ነው። ዋናዎቹን ባያገኝ ዋናውን አግኝቷል። ማታ ማታ ደግሞ ከጣሊያኖቹ ጋር ይወጣል። በሳምንቱ ስልክ ሲዘጋ «ቻው! አንዲያሞ!» አለን፤ እህቴም «ሰማችሁት፣ አክሰንቱ ተለውጧል!» ብላ እንባ ተናነቃት። «ቻው»ን ጣሊያኖች በ1928 ዓ.ም. በታንክ ጭነው እንዳመጡልን፣ ልጁም ወርዶ ከፒያሳ በተረፈው ቡና ቤት ቢቀመጥ በአንድ ማኪያቶ ዋጋ ያገኘው እንደነበር አልነገርኳትም። የእናት ደስታ ክቡር ነው።

ይህ የቋንቋ ንግድ ድሮ እንዲህ የሠለጠነ አልነበረም። በርሊትዝ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1878 አሜሪካ፣ ሮድ አይላንድ ውስጥ ፕሮቪደንስ በምትባል ከተማ የቋንቋ ትምህርት ቤት ከፈተ። እንደሚተረከው ፈረንሳይኛ እንዲያስተምርለት የቀጠረው ረዳት እንግሊዝኛ አንዲት ቃል አያውቅም ነበር። በርሊትዝ ታሞ ተኛ። ተስፋ ቆርጦ ሲመለስ ተማሪዎቹ ከረዳቱ ጋር በፈረንሳይኛ ይጨዋወታሉ። ለካ አንድን ቋንቋ ለመልመድ ከእናንተ ጋር ሌላ መግባቢያ የሌለውን ሰው ፊት ለፊት ማግኘት ይበቃል። ፓሪስን ያየ የለም፤ ፎቶም አልተነሡም። ከዚያ ወዲህም ያው ኋላቀርነት ቀጠለ፤ ጄምስ ጆይስን የሚያህል ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1904 እና 1905 ከአየርላንድ ፖላና ትሪየስት ድረስ ሄዶ በበርሊትዝ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። መምህር ወደ ተማሪ ይሄዳል! አሁን ተመስገን ነው፣ ተማሪው ወደ መምህሩ ይበርራል፣ አየር መንገዱም፣ ኤጀንሲውም፣ አከራዩም ይበላሉ።

በሁለተኛው እሑድ ልጁ በቪዲዮ ደወለ። ያረፈው ስሊማ በምትባል ከተማ፣ አንዲት የማልታ ሴትዮ ቤት ነው። የቤቱ ሰዎች እሱን በእንግሊዝኛ ያናግሩታል። «እርስ በርሳቸው ግን ዓረብኛ ነገር ነው የሚያወሩት» አለ፣ በእንግሊዝኛ። እህቴ ደነገጠች፤ ገንዘቡ የተከፈለው ለዓረብኛ አልነበረማ። ማልትኛ ነው፣ በላቲን ፊደል የሚጻፍ የሴም ቋንቋ ነው፣ የግዕዝና የአማርኛ የሩቅ ዘመድ ነው ብዬ ላረጋጋት ሞከርኩ። አልተረጋጋችም። ልጇን ከአማርኛ አሽሽታ ዘመድ ቤት ነዋ የላከችው።

ሴትዮዋ ከልጁ ጀርባ፣ ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ እንቁላል ትቆጥራለች። ድምፅዋ ጎልቶ ይሰማል፤ «…ኤርባ፣ ሐምሳ፣ ሲታ፣ ሰባ…»

እናቴ ነጠላዋን ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አደረገች። «አርባ፣ ሀምሳ ነው ያለችው? ለአንድ ልጅ ይህን ሁሉ እንቁላል?» አለች። ቀጥላ በትዝብት፣ «ሥልሳን ዘለለች።»

በማልትኛ ሴትዮዋ የቆጠረችው አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ነበር። ልጁ ለአያቱ እንዲያስረዳልኝ ብዬ «ሰባ አይደለም፣ ሰባት ነው ያለችው በላት» አልኩት። ግንባሩን አኮማተረ። «ዊች ዋን ኢዝ ሰባት?» አለኝ። «ሴቨን ኦር ኤይት?»

ሴትዮዋ ስሟን ያነሣን መስሏት መጣች። ዳቦ ይዛለች። ለእናቴ ከፍ አድርጋ አሳየቻትና «ሆብስ» አለቻት። እናቴ ብድግ አለች፤ «ኅብስት! ኅብስት አለች እኮ!» ዳዊት ስትደግም የኖረች ሴት ናት፤ ግዕዙ ጆሮዋ ውስጥ አለ። ሴትዮዋ ነገሩ ገባትና ዓይኗን ጠቆመች፤ «አይን» አለች። እናቴም ዓይኗን ይዛ «ዓይን» አለች። እጅዋን አነሣች፤ «ኢድ»። «እድ!» ምላሷን አወጣች፤ «ኢልሲን»። «ልሳን! ልሳን!» እያለች እናቴ አጨበጨበች። ሁለት ባልቴቶች፣ አንዷ መስቀሏን በማተብ፣ አንዷ በወርቅ ሐብል አንጠልጥለው፣ እንደ ሕፃን አካላቸውን እየዳሰሱ ሃያ ደቂቃ ተጫወቱ። ያንን ሁሉ ጊዜ ቋንቋ ሊማር የሄደው ልጅ ስልክ ያዥ ነበር። ክንዱ ሲዝል እጅ ቀየረ።

መጨረሻ ላይ እናቴ «እትዬ፣ ልጄን አደራ» አለቻትና ልጁን ተርጉምልኝ አለችው። ኮርኒሱን አየ፣ ወለሉን አየ፣ «ሺ ሴይስ… ፕሊስ» አለ። አደራ የምታህል ቃል ፕሊስ ሆና ማልታ ደረሰች። ሴትዮዋ ግን ልጁን አልሰማችውም፤ እናቴን እያየች መዳፏን ደረቷ ላይ አደረገች። በርሊትዝ ይህን ቢያይ እናቴን በዚያው ቀን ይቀጥራት ነበር።

ልጁ በሰላም ተመለሰ። ቢ1 የነበረው ቢ1 ፕላስ ሆኖ መጥቷል። ያቺ የመደመር ምልክት ስንት ዩሮ እንደወጣባት ሳስብ መደመር ለካ የሀብታም ነገር ኖሯል እላለሁ። ሰርተፍኬቱ በመስተዋት ተደርጎ ሳሎን ተሰቅሏል፤ ልጁ ክፍል ውስጥ እንደተገኘ ይመሰክራል። በእርግጥም ተገኝቷል። የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠይቁት ይህንን ሳይሆን የአይኤልትስ ውጤት መሆኑ፣ እሱም ከ2 ዓመት በኋላ እንደ ወተት ቀኑ የሚያልፍበት መሆኑ ቅር አያሰኘንም። እንግሊዝኛ በ2 ዓመት የምትበላሽ ከሆነች በ2 ዓመት አንዴ መላክ ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ላኩ። ልጁ ምን ተማረ ብሎ የሚጠይቃችሁ የለም፤ የት ተማረ ነው የሚባለው። ዕድር ላይ «የኔው ክረምቱን ማልታ ነው» ስትሉ የሚወርደው ዝምታ ብቻውን የአውሮፕላኑን ትኬት ያወጣል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት አባቶቻችን በዩሮ ከፍለው የሰው ቋንቋ አንገታቸው ላይ አስረው አያውቁም፤ በምን ይወቁት?

ባለፈው እሑድ ቤተ ዘመዱ ተሰበሰበ። አጀንዳው በሚመጣው ክረምት የልጁ ታናሽ እህት ትሂድ ወይ የሚል ነው። ክርክሩ ጦፈ፤ ደብሊን ይሻላል፣ ማልታ ይሻላል ተባለ። እናቴ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ መቁጠሪያዋን ስትቆጥር ቆየችና «እኔን ላኩኝ» አለች።

ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። ቅጽ የምሞላው እኔ መሆኔን ስለምታውቅ ወደ እኔ ዞራ «ምን ምን ይጠይቃሉ?» አለችኝ። ለጨዋታ ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ እያልኩ ጠየቅኳት፤ ሁሉንም በሥርዓት መለሰች። «የጉዞው ዓላማ?» አልኳት።

«እንግሊዝኛ መማር በል» አለች። «ለምን ካሉህም ደብቀህ አትለፍ። ከልጅ ልጆቼ ጋር ለመነጋገር ብለህ ጻፍ።»