ርካሽ ሽጉጥ ለሚያፈላልግ የሰበታ ሰው

ከዓለም ገና እስከ ሰበታ፣ ከቡራዩ ኬላ እስከ ሱሉልታ አንድ ጥያቄ አለ። በሹክሹክታ ይጠየቃል፣ በስልክ ይጠየቃል፣ ቡና ላይ ይጠየቃል። ዛሬ እዚሁ፣ ሁሉም እየሰማ እመልሳለሁ።

«በትንሽ ብር የሚገኝ ጥሩ ሽጉጥ ንገረኝ።»

ጥሩው ርካሽ አይደለም፤ ርካሹም ሽጉጥ አይደለም።

«እንዴት ሽጉጥ አይደለም? የቱርክ ነው፤ አዲስ፣ ከነካዝናው!»

ቱርክ እውነተኛ ሽጉጥ ትሠራለች፤ ሳርሲልማዝና ካኒክ የዓለም ገበያ የሚያውቃቸው ናቸው። ከጃኬት ሥር እየወጣ «አዲስ ነው» የሚባለው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ነው፤ የድምፅ ሽጉጥ ይባላል። ፋብሪካው ሲሠራው ለፊልም፣ ለሩጫ ማስጀመሪያና ለማስደንገጫ ብሎ ነው። አፈሙዙ ተደፍኖ ባሩዱ ብቻ እንዲጮህ ተደርጓል። አካሉም ከላይ ሲያዩት ብረት ይመስላል እንጂ በአብዛኛው የዚንክ ቅይጥ ነው። ከዚያ አንዱ ጓዳው ውስጥ ይነካካውና እርሳስ እንዲተፋ ያደርገዋል። እንዲህ የተነካካ የድምፅ ሽጉጥ በአፍሪካ ቀንድ መሰራጨቱን የጦር መሣሪያ ዝውውር የሚከታተሉ ዓለም አቀፍ ተቋማት ደጋግመው መዝግበዋል። ሻጩ ይህን አይነግርህም፤ ምናልባት እሱም አያውቀውም።

«ጓደኛዬ ሲተኩስበት በዓይኔ አይቻለሁ።»

ስንት ጊዜ ተኮሰ? የመኪናህ ጎማ የሚሞላው ሁለት ባር ተኩል ገደማ ነው፤ ሲፈነዳ ምን እንደሚያደርግ ጎሚስታውን ጠይቀው። የተለመደው 9 ሚሊ ሜትር ጥይት ሲተኮስ የሚፈጥረው ግፊት ከ2,000 ባር በላይ ነው። ይህን ግፊት ከፊትህ አንድ ክንድ ርቀት ላይ የሚይዝልህ ለጩኸት የተሠራ ዚንክ ነው። አንዴ ቻለ ማለት ሁልጊዜ ይችላል ማለት አይደለም። መጀመሪያ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁን አታየውም። ቀጥሎ የሚሄደው ጣትህ ነው፣ አለዚያም ዓይንህ።

«ይህማ የእኛ አገር ወሬ ነው፤ ፈረንጅ ይገዛው የለ?»

ፈረንጁም ሰግቶ አግዶታል። በ2017 ዓ.ም. ጥርና የካቲት ላይ የእንግሊዝ ፖሊስ ሬታይ፣ ኤኮል፣ ሴኦኒክና ብሎው የሚባሉትን የቱርክ የድምፅ ሽጉጦች የያዘ ሁሉ እንዲያስረክብ የምሕረት ጊዜ ሰጠ። ጊዜው ካለፈ በኋላ ይዞ መገኘት ወንጀል ሆነ። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፤ በቀላሉ ወደ ገዳይ መሣሪያ እየተቀየሩ ነው የሚል ነው። እኛም አገር በ2012 ዓ.ም. ብሔራዊ መረጃና ደህንነት አገልግሎት ከቱርክ ተጭኖ በኮንቴነር ሊገባ የነበረ ሕገ ወጥ መሣሪያ መያዙን ተናግሯል። አንተ ሰበታ ላይ «ተገኘ» እያልክ የምትደሰትበት ብረት እንዲህ ካለው መንገድ ያመለጠ ሊሆን ይችላል።

«እሺ፣ ከእነዚህ ውስጥ የተሻለውን ምረጥልኝ።»

ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጡ! አልመርጥልህም።

«ማካሮቭስ?»

አሁን ስለ ሽጉጥ ማውራት ጀመርን። ፈቃድ በእጅህ ካለና ኪስህ ካልሞላ እኔም ዓይኔን የምጥለው እንዲህ ባለው ላይ ነው። የሶቪየት ጦር እ.ኤ.አ. በ1951 ነው የተቀበለው፤ እኛም በደርግ ዘመን መኮንኑ ወገብ ላይ አይተነው አድገናል። 730 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ካዝናው ስምንት ጥይት ይይዛል፤ ብረቱ ብረት ነው። ያረጀ መሆኑ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ታሪኩ የማይታወቅ መሆኑ ነው። እናም ከሕጋዊ ባለቤት ሕግ በሚፈቅደው መንገድ ወደ እጅህ የሚመጣ ከሆነ፣ መሣሪያ የሚያውቅ ባለሙያ ፊት አስቀምጠህ በደንብ እየው። አካሉ ላይና ተንሸራታቹ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው? ቁጥሩ ተፍቆ ከሆነ ሌላውን አትይ፤ ተነስተህ ሂድ። የካዝናው አፍ ተጣሞ ከሆነ ጥይት ይነክሳል። መጠበቂያው ሲዘጋ ላላ የሚል ከሆነ አንድ ቀን ወገብህ ላይ ይባርቃል።

ጥይቱም አለ። ማካሮቭ የሚጎርሰው 9 በ18 ነው፤ ሌላው ዓለም የለመደው 9 በ19 ነው። ሁለቱም «9» ስለተባሉ አይዋዋሱም። «ዘጠኝ ነው፣ ይሆናል» ብሎ የሚሸጥልህ ሰው እጅህን እየሸጠው ነው።

«ቶካሬቭ ይበልጥ ኃይለኛ ነው ይላሉ።»

ኃይለኛ ነው። ለዚያም ነው ለመንደራችን የማልመክረው። የጥንቱ ቶካሬቭ በእጅ የሚዘጋ መጠበቂያ የለውም። ጥይቱም ፈጣንና ሰርሳሪ ነው፤ የእኛ ግድግዳ ጭቃ፣ አጥራችን ቆርቆሮ ነው። ሌባውን ስተህ ጎረቤት የተኛችውን ልጅ ታገኛለህ።

«አንዴ ከገዛሁት በኋላ ሌላ ወጪ የለውም።»

የሚቆለፍ ሣጥንስ? የጽዳት ዘይቱስ? ብቁ አሠልጣኝ ባለበት ተኩሰህ የምትለማመድበት ጥይትስ? ያልተለማመዱበት ሽጉጥ በጨለማ፣ በእንቅልፍ ልብ፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ ቤተሰብ ይፈጃል። ይህን ወጪ መሸፈን ካልቻልክ ሽጉጡንም መግዛት አልቻልክም።

«እኔ ትራሴ ሥር ነው የማደርገው፤ ማን ይነካብኛል?»

እትዬ፣ ከእርስዎ እጅ በፊት የልጅ ልጅዎ እጅ ይደርሳል። ሕፃን ትራስ ሥር ይፈትሻል፣ ያገኘውን አፉ ውስጥ ይከታል፣ ቃታ ካገኘ ይስባል። «ባረቀበት» እየተባለ የተለቀሰባቸውን ቤቶች እርስዎም ያውቋቸዋል።

«ለወንድ ልጅ ሽጉጥ ጌጡ ነው።»

ጌጥ ሰው አይገድልም። ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ የተኮስከው ጥይት የሆነ ቦታ ይወርዳል፤ የት እንደሚወርድ አንተ አታውቅም፣ የወረደባት እናት ግን ታውቃለች።

«ፈቃዱ ምልልስ አለው፤ ማን ይንከራተታል?»

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝንም መሸጥንም ማዘዋወርንም ወንጀል አድርጎታል። ሌሊት ሌባ አባርረህ ጠዋት ፖሊስ ሲመጣ መጀመሪያ የምትጠየቀው «ይህን ከየት አመጣኸው?» ተብለህ ነው። ሌባው አምልጦ አንተ ትታሰራለህ። ለዚያ ከመንከራተት ለፈቃዱ መንከራተት ይሻላል።

«እገታው ሌሊት አላስተኛን! ሲኖትራክ ይዤ ስወጣ ሚስቴ እንደ ሞተ ሰው ነው የምትሸኘኝ።»

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ቃል ያጥረኛል። ፍርሃትህ እውነት ነው፤ ማንም «ዝም በል» ሊልህ አይገባም። መንገዱን የማስጠበቅ ግዴታ የመንግሥት ነው፤ ይህንንም ጮክ ብለን ልንጠይቅ ይገባል። ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሥር ሲገቡ ነዋሪው ከአዲስ ታፔላና ከማኅተም በፊት የጠበቀው ሰላም ነበር። ግን ልንገርህ፤ ክላሽ የያዙ አምስት ሰዎች መንገድ ላይ ሲያስቆሙህ አንተ ከወንበርህ ሥር ሽጉጥ ብትስብ፣ የቤዛ ጉዳይ የነበረው የሬሳ ጉዳይ ይሆናል። አብሮህ ያለው ረዳትም ይሞታል። ሰዓት ለይተህ ሂድ፤ ብቻህን አትውጣ፤ ከሌሎች ሹፌሮች ጋር ተጠራርተህ ተጓዝ።

«ቤቴንስ በምን ልጠብቅ?»

ለሽጉጡ ያሰብከውን ብር አውጣው። በርህን በወፍራም ላሜራ አሠራ፤ ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ ጨምርበት። አጥርህ ጥግ መብራት አድርግ። ከተረፈህ ለሰፈሩ ሌሊት ጥበቃ አዋጣ፤ ዕድሩ ለቀብር የሚሰበሰበውን ያህል ለቁም ሰውም ይሰብሰብ። ውሻም አሳድግ፤ ውሻ ልጅህ እጅ ላይ አይባርቅም።

«ገዝቼዋለሁ እኮ! ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።»

እንግዲያው ዛሬ ማታ ጓሮ ወስደህ አትሞክረው። ለልጆችህ አታሳያቸው፣ ለሌላ ሰው አትሽጠው። ወደ ፖሊስ ጣቢያ ከመሄድህ በፊት ሕግ የሚያውቅ ሰው አማክርና በምን መንገድ እንደምታስረክበው ጠይቅ። እስከዚያ ጥይቱን ሌላ ቦታ ቆልፍበት። እባክህ፣ ይህን ሳምንት እንዳያልፍ።