የሃያ አምስት ዶላር ጽድቅ

ጽድቅ እንደ ዘንድሮ ረክሶ አያውቅም። አባቶቻችን ለነፍሳቸው ሲሉ ዋሻ ገብተዋል፣ ርስታቸውን ለደብር ሰጥተዋል፣ ቅጠል በልተው ኖረዋል። ያሁኑ ጻድቅ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ፣ ስልኩን በአውራ ጣቱ እየገፋ፣ በ25 ዶላር ይጸድቃል። ዶላሩም ተመላሽ ነው! መጽውቶ ምጽዋቱን መልሶ ኪሱ የከተተ ጻድቅ በየትኛው ገድል ተጽፏል?

ይህን መንገድ ለዓለም ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2005 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተመሠረተው ኪቫ ነው። የድሃ አገር ሰዎች ፎቶ ይደረደራል፤ ከሥሩ ስንት ልጅ እንዳላቸው፣ ምን እንደሚሸጡ፣ ስንት ብር እንደጎደላቸው ይጻፋል። አበዳሪው የሠርጉን ፎቶ እንደሚመርጥ ሙሽራ እያገላበጠ ይመርጣል። የአንዷ ፊት ኮስተር ያለ ነው፤ ታልፋለች። የሌላዋ ቀሚስ ደማቅ ነው፤ ብድሯ በአንድ ቀን ይሞላል።

እናም የሚዛን ተፈሪና የቴፒ እናቶች ሆይ፣ ይህ በረከት ደጃችሁ ሲደርስ እንዳታፍሩ ምክሬን ስሙ። ፎቶ ስትነሱ ጀበናው ይታይ፣ ሞባይላችሁ ግን አይታይ። ልጅ ብታቅፉ መልካም ነው፤ ወፍራም ልጅ ግን አይሁን። ሳቁ፤ ግን እንደ ጠገበ ሰው አትሳቁ። የጎደላችሁ ነገር ሁልጊዜ ትንሽና በዓይን የሚታይ ይሁን፦ አንድ ኬሻ ኮረሪማ፣ ጥቂት የንብ ቀፎ፣ የሻይ ቤት ወንበር። “የቸገረኝስ ቡናዬን የሚገዛኝ ሰው ዋጋውን ብቻውን መቁረጡ ነው” እንዳትሉ አደራ። እሱ ፎቶ ላይ አይወጣም።

በበቃን የመሰለ ሰፊ የቡና እርሻ ብድር ሲፈልግ፣ ሥራ አስኪያጁ ኬሻ ታቅፎ ፈገግ እንዲል የሚጠይቅ ባንክ አልሰማሁም። እሱን ሒሳብ ይጠይቁታል። ፈገግታ መያዣ የሚሆነው ለድሃ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 ዴቪድ ሩድማን የሚባል የዋሽንግተን ተመራማሪ ይህን ሁሉ ደስታ አደፈረሰ። ፎቶዋን አይተን “አበደርናት” የምንላት ሴት፣ አብዛኛውን ጊዜ ፎቶዋ ከመውጣቱ በፊት ገንዘቡን ካገሯ አበዳሪ ተቋም ተቀብላ ሥራዋን ጀምራለች። የእኛ 25 ዶላር የሚሄደው የተቋሙን ካዝና ለመሙላት ነው። ኪቫም አልካደም፤ አሠራሩን የሚገልጽበትን ቃል አስተካከለ። ወለዱስ? ጻድቁ ወለድ አይነካም፤ እጁ ንጹሕ ነው። ወለዱን ለዚያው ተቋም የምትከፍለው እሷ ናት።

ኪቫ ከመቶ 96 ያህሉ ብድር ይመለሳል ብሎ ይኮራል። የዚህ ዓይነቱን ታማኝነት ምስጢር ለማወቅ ውጭ አገር መሄድ አያስፈልግም። የአነስተኛ ብድር ተቋማት አዋጅ ቁጥር 40/1988 ከወጣ ወዲህ እኛም ጋ በአማራ ክልል የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ)፣ በደቡብ ደግሞ ኦሞ ማይክሮ ፋይናንስ ብድርን ገጠር ያደረሱት በቡድን ጠለፋ ዋስትና ነው። መሬት የመንግሥት ስለሆነ ለመያዣ አይሆንም ነበር፤ ስለዚህ ጎረቤት ተያዘ። አንዷ ስትወድቅ የቀሩት ይከፍላሉ፤ ካልከፈሉ ቀጣዩ ብድር ለሁሉም ይዘጋል። ውዝፍ የገባችውን ሴት በር የሚያንኳኳው ፎቶዋን የወደደው የካሊፎርኒያ ወዳጇ መሰላችሁ? በእድር አብራት የምትቀመጠው፣ ልጇን ክርስትና ያነሳችላት ጎረቤቷ ናት።

ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የዝንጅብል አጠውላጊ በሽታ የደቡብ ምዕራቡን ማሳ ሲያወድም፣ ይሄኛው የዋሱ ነው፣ ያኛው የተበዳሪው ነው ብሎ አልለየም። የቡድኑ አባላት ሁሉ ዝንጅብል ባንድ ክረምት ከጠወለገ ማን ለማን ይዋሳል? ፎቶው ላይ ያለው ዝንጅብል ግን ዛሬም ለምለም ነው።

የአነስተኛ ብድር ፋና ወጊው መሐመድ ዩኑስ ድህነትን ሙዚየም እናስገባዋለን ይሉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ከግራሚን ባንክ ጋር የኖቤል የሰላም ሽልማት ወሰዱ። ሙዚየሙ እስካሁን አልተከፈተም። እ.ኤ.አ. በ2015 በስድስት አገሮች ስለ አነስተኛ ብድር የተደረጉ ጥናቶች ውጤት ባንድነት ታትሞ ነበር፤ አንዱ የተደረገው በእኛው በአማራና በኦሮሚያ ገጠር ነው። አነስተኛ ብድር የተበዳሪን ኑሮ ይለውጣል የሚያሰኝ ማስረጃ አልተገኘም። ብድሩ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ ከአራጣ ያስጥላል፣ ክፉ ቀን ያሻግራል። ክፉ ቀን ማሻገር ግን ለማስታወቂያ አይመችም።

አሁን ወደ ቡናው እንምጣ። ክረምት ሲገባ የገበሬው ቤት ጥሬ ገንዘብ የለም፤ ቡናው ገና ዛፍ ላይ አረንጓዴ ነው። ነጋዴው ቅድሚያ ብር ይሰጠውና በሐምሌ በቆረጠው ዋጋ የኅዳሩን ቡና ይወስዳል። ለኅብረት ሥራ ማኅበር ያስረከበውም ቢሆን ሁለተኛውን ክፍያ የሚያገኘው ቡናው ባሕር ተሻግሮ ተሸጦ፣ ሒሳብ ተዘግቶ ነው። ክፍያውን በሚጠብቅባቸው ወራት ሁሉ ይህ ገበሬ ያለ ወለድና ያለ ዋስ አበድሯል። ፎቶ አሳዩኝ ያለውም ሰው የለም።

እንግዲህ በወጉ ያበድር። የቴፒ ገበሬ ስልኩን ይክፈት፦ “ስም፦ እገሌ። ከተማ፦ ሲያትል። ሥራ፦ የካፌ ባለቤት። የጎደለው፦ የቡና መፍጫ ማሽን። ሁለት ልጆችና አንድ ውሻ ያሳድጋል፤ ታታሪ ነው።” ገበሬው ትንሽ ያመነታል፤ የሰውዬው ጫማ አዲስ ነው፣ ያን ያህል የቸገረውም አይመስል። ግን ፈገግታው ደህና ነው፣ ይሁንለት።

ውሉም ያው ነው። እገሌ በመንገዱ ያሉ አራት ካፌዎችን ዋስ ይጥራ። ገበያ ቢኖርም ባይኖርም በየወሩ ይክፈል። ማሽኑ ቢቃጠል አራቱ ጎረቤቶቹ ይክፈሉለት፤ እምቢ ካሉ አምስቱም ዳግመኛ ብድር አያግኙ። ወለዱን እዚያው ላለ ተቋም ይክፈል፣ የቴፒው ጻድቅ እጁ እንዳይቆሽሽ። የምስጋና ደብዳቤም ከነፎቶው ይላክ።

ሲያትል ላይ ይህ ውል ነውር ከሆነ፣ ሚዛን ተፈሪ ላይ በጎ አድራጎት የሆነበትን ምክንያት የሚያውቅ አበዳሪ ካለ ያስረዳን።