ግንድ ይዞ መዞር፦ በባሕር ዳር ርካሽ ጊዜያዊ ቤት ስለመፈለግ የቀረበ ጥናት

የጥናቱ መነሻ

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው አባባል እስካሁን ከተረትና ምሳሌ ጋር ተመድቦ ኖሯል። ይህ ጥናት ምደባው መታረም አለበት ይላል፤ አባባሉ በመኖሪያ ቤት አቅርቦት ላይ የቀረበ ቀዳሚ ሪፖርት ነውና። ወንዙ ከጣና በሚወጣባት ከተማ ዛሬም ግንድ ይዞ የሚዞር ሰው አለ። ግንዱ ስፖንጅ ፍራሽ ሆኗል፤ ባጃጅ ላይ ተጭኖ ግማሹ በበሩ ወደ ውጭ ይወጣል። በዝውውር፣ በትምህርት ወይም በእንጀራ ፍለጋ ባሕር ዳር የደረሰ፣ «ለጊዜው ብቻ» አንዲት ክፍል የሚሻ ይህ ሰው የጥናታችን ርእሰ ጉዳይ ነው።

ቀደምት ተሞክሮዎች

በሐይቁ ዙሪያ የጊዜያዊ ማረፊያ ታሪክ ረጅም ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት በጣና ቂርቆስ ለ800 ዓመታት ያህል አርፋለች። በአካባቢው የአጭር ጊዜ ቆይታ ምን ያህል ሊረዝም እንደሚችል ከዚህ የቀደመ ማስረጃ የለንም።

ነገሥታቱ ጉዳዩን በድንኳን ፈትተውት ነበር። አፄ ሱስንዮስ ከጎርጎራ ወደ ደንቀዝ ሲዛወሩ ደላላ አላስፈለጋቸውም። ልጃቸው አፄ ፋሲል ጎንደር ላይ ግንብ ሲገነቡ ግን ቋሚ አድራሻ ያለው ሰው ተፈጠረ፤ ቋሚ አድራሻ የሌለው ሰው ችግርም አብሮ ተወለደ።

ከባሕር ማዶ የመጣውን ቤት ፈላጊ በተመለከተ የተሻለው መረጃ የስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ጎንደር ሲገባ፣ በእቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ግቢ ፈንጣጣ የያዛቸውን አክሞ እዚያው ማረፊያ አገኘ። በኋላም ግሽ ከነምንጩ ተሰጠው። ዛሬ ባሕር ዳር ውስጥ ከነምንጩ ቀርቶ ከነቧንቧው የሚከራይ ክፍል ብርቅ ነው።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ «ፖሊ» የሚባለው ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት በ1955 ዓ.ም. ተከፈተ። በ1992 ዓ.ም. «ፔዳ» ከሚባለው የመምህራን ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት የከተማዋ ጓሮ ሁሉ ሰርቪስ ቤት አበቀለ።

ግኝት አንድ፦ መርማሪው ማን ነው?

ፈላጊው ቤት ሊያይ የሄደ ይመስለዋል። መስኮቱን ይከፍታል፣ ኮርኒሱን ቀና ብሎ ያያል፣ ግድግዳውን በጣቱ ያንኳኳል። አከራይዋ በረንዳ ላይ ምስር እየለቀሙ እሱን ያዩታል። ክፍሉ በአንድ እይታ ያልቃል፤ የእሱ መመርመር ግን ገና መጀመሩ ነው።

«አገርህ ወዴት ነው ልጄ?»

«መሥሪያ ቤትህ የት ነው?»

«አግብተሃል?»

«እንግዳ ታበዛለህ?»

ሦስተኛው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ የለውም። ላጤ ከሆነ ጓደኛ ይሰበስባል ተብሎ ይፈራል። ካገባ ይወልዳል ተብሎ ይፈራል። ከወለደም ልጁ ግድግዳ ይሞነጭራል። በጥናታችን መሠረት ተመራጩ ተከራይ ኪራዩን ከአዲስ አበባ በቴሌብር እየላከ ባሕር ዳር ድርሽ የማይል ነው።

ላጤነት እንደ ብቃት የሚቆጠረው ሐይቁ ላይ ብቻ ነው። የክብራን ገብርኤልና የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳማት ሴት አይገባባቸውም። ኪራይም አይጠየቅም፤ ውሉ ግን የዕድሜ ልክ ነው።

የአከራይዋን ጥንቃቄ የሚነቅፉ አሉ። እነሱ የእንቦጭን ጉዳይ አላጤኑም። ይህ አረም በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ ሲታይ ደላላ አልነበረውም፣ ዋስ አልጠራም፣ ቀብድም አልከፈለም። አገሩን የጠየቀውም የለም፤ ከደቡብ አሜሪካ ነበር። የሐይቁን ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ይዞ ተስፋፋ፤ ገበሬው በእጁ ነቀለው፣ ማሽን መጣለት፣ እስካሁን አልለቀቀም። «እንግዳ ደራሽ፣ ውሃ ፈሳሽ» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ፈተናውን ወድቋል።

ግኝት ሁለት፦ የርካሽ ቤት ሽሽት

ቀድሞ ዓባይን መሻገር ዋጋ ይቀንስ ነበር። በ2016 ዓ.ም. 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሲመረቅ «ማዶ» ቀረበ፤ መቅረቡንም ከሾፌሮቹ ቀድመው የሰሙት አከራዮች ናቸው። ርካሹ ክፍል ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ዘንዘልማ አቅጣጫ ሄደ። ከዚህ አንድ ሕግ ይወጣል፦ ርካሽ ቤት ፈላጊውን ምንጊዜም በአንድ የባጃጅ መንገድ ይቀድመዋል።

ኪራዩም ብቻውን አይመጣም። የደላላው ኮሚሽን አለ። መብራትና ውሃ በነፍስ ወከፍ ይታሰባል፤ ስለዚህ ሊጠይቅ የመጣ ወንድም ጥቂት ሌሊት ሲያድር በሒሳብ ረገድ ነዋሪ ይሆናል። ምጣድ ክልክል ነው። ካውያ በፈቃድ ነው። የጋራውን ቆጣሪ የሚያሽከረክረው ሁሉ ከአዲሱ ተከራይ ክፍል እንደሚነሳ በግቢው ውስጥ ስምምነት አለ።

የሕግ ማዕቀፍ

በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ለመንግሥት አደረገ፤ ብዙዎቹ የቀበሌ ቤት ሆኑ። በርካሽነት የሚወዳደራቸው የለም። ጉድለታቸው አንድ ነው፦ ያኔ ለጊዜው የገባው ሰው የልጅ ልጅ ዛሬም እዚያው አለ።

አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ከ2 ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ አይብለጥ ይላል። ለተከራይ ጋሻ የሚሆን ሕግ ነው። ለሦስት ወር ሥልጠና የመጣ ሰው ግን የማያስፈልገውን የ21 ወር ጥበቃ ታቅፎ ይቀራል። ስለዚህ እሱና አከራይዋ ነገሩን በቃል ይጨርሱታል፤ ምስክሩ ደላላው ነው፤ ደላላው ኮሚሽኑን ከተቀበለ በኋላ ደግሞ ስልኩ ከአገልግሎት ክልል ውጭ ነው።

ማጠቃለያ

ፈላጊው ከምርመራው ሲያልፍ ዋጋው ይለወጣል። እናቱ የደብረ ታቦር ሰው መሆኗ ከታወቀ፣ አከራይዋም እዚያ እህት ካላቸው፣ ደላላው የጠራው ዋጋ ይረሳል። ከአንድ ወር በኋላ ተከራይ መሆኑ ቀርቶ «ልጃችን» ይባላል። ቡና ላይ ይጠራል፣ ክረምት ሲገባ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የተነሳውን ቆርቆሮ ይመታል፣ ለለቅሶ ድንኳን ይተክላል። ጭማሪው ሲመጣም «አንተን እንኳ ስለምወድህ ነው እንጂ» ከሚል ማብራሪያ ጋር ይመጣል። ጊዜያዊ ቆይታው የሚያበቃበትን ቀን ማንም አያነሳም፤ እሱም ማንሳት ያፍራል።

ስለዚህ ጥናቱ የሚከተለውን ይበይናል። ባሕር ዳር ውስጥ የሚከራየው ሰው ነው፤ ክፍሉ ምርቃት ነው። ወደዚች ከተማ የምትመጡ ሁሉ የቤቱን ፎቶ ከመጠየቃችሁ በፊት የሚያውቃችሁን ሰው ጠይቁ፤ አክስት ካላችሁ ስሟን ይዛችሁ ኑ። ቀብድ ስትከፍሉ ግን፣ ልጃችን ብትባሉም፣ በጽሑፍ ተቀበሉ። ዝምድናም በወረቀት ሲሆን ይጸናል።