ባለ 14 ቋጠሮው ገመድ

በውኃ አገር ክብሪት የለም፤ እሳት ከጎረቤት ይጫራል። ፍም ያለው ቤት አሲድ፣ ገል ይዞ ደጅ የሚጠናው ደግሞ ቤዝ ይባላል። ፍሙን የሰጠ አባት ያልፋል፤ በወንበሩ ልጁ ይቀመጣል፤ ልጁም በተራው ፍም ፈላጊ ይሆናል።

የአገሩ ዳኛ እማማ ውኃ ናቸው። ለየቤቱ 14 ቋጠሮ የሚወጣው ገመድ እኩል ቆርጠው ይሰጣሉ። አባት እንደ ጠባዩ የፍሙን ጓዳ በር ያስርበታል። የተረፈው የሰው ፍም እንዳይነጥቅ የልጁ እጅ ማሰሪያ ይሆናል። አንድ ቋጠሮ በተጨመረ ቁጥር መፍታቱ አሥር እጥፍ ይከብዳል።

አንድ ቀን ሲያናይድ የሚባል ልጅ ተከሶ ሸንጎ ፊት ቀረበ።

«ፍም ይዞ በደጁ ያለፈ ሁሉ ባዶ ገሉን ይዞ ይመለሳል» አሉ ከሳሾቹ። «እማማ፣ ከእርስዎ ቤት እንኳ ይወስዳል! ምናለ እንደ ክሎራይድ ቢሆን?»

ክሎራይድ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። በየወጣችን ጨው ውስጥ ያለው እሱ ነው። ፍም በአጠገቡ ሲያልፍ ቀና ብሎም አያይ። ሸንጎው ጨዋነቱን አደነቀ።

እማማ ውኃ ግን «ገመዶቹ ይምጡ» አሉ።

መጀመሪያ የክሎራይድ አባት የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ገመድ ተዘረጋ። በበሩ በኩል አንድም ቋጠሮ የለበትም። ፍሙን ለመጣ ሁሉ ሲያድል ኖሮ ገመዱን በሙሉ ለልጁ ትቶለታል። ቀጥሎ ኮምጣጤ ውስጥ የሚኖረው አሴቲክ አሲድ ተጠራ። በሩን በ4.76 ቋጠሮ አስሯል፤ በወጥ ቤታችን ኮምጣጤ ውስጥ ከ200 አባቶች ፍሙን ሰጥቶ የሚገኘው አንድ ያህል ነው። ለልጁ ለአሴቴት 9.24 ተርፎለታል፤ እጁ አልፎ አልፎ ቢወራጭም ታስሯል።

የሲያናይድ ተራ ደረሰ። እማማ ገመዱን ጭናቸው ላይ አድርገው በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ቆጠሩ። በአባትየው በኩል ያለው ጫፍ በጥላሸት ጠቁሯል፤ ቋጠሮው በቋጠሮ ላይ ተደራርቦ ጠጥሯል። 9.21። ለልጁ የቀረው 4.79 ብቻ ነው። ልጁ እጁን ዘረጋ። ገመዱ ዞሮ ሳይገናኝ አንጓው ላይ ተንጠልጥሏል።

«እማማ፣ እኔ ስደርስ ገመዱ አልቆ ነበር» አለ።

ሸንጎው ጸጥ አለ። በእኛም ሰፈር ጓዳውን ቆልፎ የኖረ አባት «ቁጥብ ሰው ነበር» ተብሎ ይቀበራል፤ ስድቡን የሚለብሰው እጁን የሚዘረጋው ልጁ ነው። ይህን ሳይ ሁልጊዜ ያመኛል። ኬሚስቶቹ ብሮንስቴድና ሎውሪ እ.ኤ.አ. በ1923 ለየብቻቸው አሲድን ሰጪ፣ ቤዝን ተቀባይ ብለው ሲያስረዱ አባትና ልጅን ነጥለው አላዩም፤ ጥንድ አድርገው ቆጠሯቸው።

«ታዲያ ይቀጠልለታ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ከየት አምጥቼ፣ ልጄ?» አሉ እማማ። «ገመዱን የምለካው በራሴ ቤት ነው። ከ550 ሚሊዮን ያህል ልጆቼ መካከል ፍም ተደርቦበት የሚገኘው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ከገዛ ወንድሙ የተቀበለው። ልኩ ከዚያ ይወጣል። 14 የሚሆነውም በ25 ዲግሪ ነው፤ ሙቀቱ 60 ሲደርስ የእኔው ገመድ ወደ 13 ያጥራል። ማስረዘም አልችልም። አባትየው ምን ያህሉን እንደወሰደ ግን ቆጥሬ ልነግራችሁ እችላለሁ።»

«አባቱማ ሞቷል፤ ማንን እንጠይቅ?» አሉ ከሳሾቹ።

ይህን ሲሉ ከሃይድሮክሎሪክ ቤት ፍም የጫረ መንገደኛ በሸንጎው መሀል አለፈ። ሲያናይድ ዘሎ ነጠቀው። ማንም ሳይጮህ በፊት ልጁ ከወንበሩ ጠፋ፤ በቦታው አባቱ ተቀምጦ ታየ። ፍሙ ጓዳ ገብቷል፣ በሩም በ9.21 ቋጠሮ ታስሯል።