ልጅቷን አታስጨንቋት

የድምፅ ተማሪ የመመረቂያ ሪሳይታል ሲቃረብ የሚሰነዘረው ምክር እንዴት ያለ ርኅሩኅ ምክር ነው! «ኧረ ልጅቷን አታስጨንቋት፤ ቀለል ያለ ዘፈን ይመረጥላት።» እኔም ከዛሬ ጀምሮ ከቀለል ባዮች ወገን ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ የትንፋሽ አያያዝ ስትማር የቆየችን ልጅ በመጨረሻው ምሽት ትንፋሽ የሚጠይቅ ነገር ማዘፈን ግፍ ነው። ዋና ተምረሻል ብሎ ውኃ ውስጥ እንደ መክተት ነው።

አምባሰል ልዝፈን ብትል ደግሞ በጊዜ መልሷት። እርግጥ አምባሰል አምስት ድምፅ ብቻ ነው፤ ሲቆጥሩት ቀላል ይመስላል። ግን ከጠባቧ እርምጃ ተነስቶ ወዲያው ሰፊ ዝላይ አለበት፤ ጠባቧን ትንሽ ካሰፏት አምባሰልነቱ ያበቃል። ማሪቱ ለገሰን እየሰማ ያደገ አዳራሽ ይህን ስህተት በጆሮው ይይዛል። የሚያውቅ አድማጭ ፊት ምን አቆማት? የሰርግ ዘፈን ትዝፈን። ሕዝቡ አብሯት ያጨበጭባል፤ በጭብጨባ መሐል የሳተ ድምፅ የሰማ ጆሮ የለም።

«ለጉሮሮዋ አስበን ነው» የሚሉም አሉ። ልክ ናቸው፤ የሃያ ዓመት ልጅ ዋግነር ትዝፈን ያለ ጤነኛ የለም። ለወጣት ጉሮሮ የማይከብዱ የድሮ የጣልያን አሪያዎችና የሹበርት ዘፈኖች ሲቀርቡላቸው ግን ፊታቸውን ያጠቁራሉ። የዘፈኖቹ ሐረግ ይረዝማል፣ ቃላቸው ይጠናል፣ ፒያኒስት ይለመንላቸዋል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ መምህሩ በየሳምንቱ ከተማሪዋ ጋር ተቀምጦ ማስተማሩ ነው። ቀለል ያለው ዘፈን ማጀቢያው በፍላሽ ይመጣል፤ መምህሩም ቡናውን በሰላም ይጠጣል። የማንን ጉሮሮ እንዳዳንን አሁን ገባችሁ?

የሚቆጨኝ ይህ ምሕረት ለዘፈን ተማሪ ብቻ መቅረቱ ነው። ልጅቷ የምትኖረው ጉለሌ፣ ቁስቋም ነው እንበል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 6 በጽጌ ሰሞን፣ ቅዳሜ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያኑ የሚመጣው ማኅሌት እስኪነጋ አያባራም። ሊቃውንቱ ያንኑ ቃል መጀመሪያ ያለ ከበሮ በቁም ዜማ ይሉታል፤ ቀጥሎ መቋሚያቸውን ይዘው ይዘምሙታል፤ ከዚያ መረግድ ይመጣል፤ ጽፋቱ (ጭብጨባው) እና እልልታው መጨረሻ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ድካም ለምን? አንድ ቀለል ባይ ቢያማክሩ ኖሮ በጽፋቱ ጀምረው፣ በጽፋቱ ጨርሰው፣ ከእኩለ ሌሊት በፊት ቤታቸው ይገቡ ነበር።

የዜማ ተማሪውንም ማን በመከረው! ድጓ ሊያስመሰክር ጋይንት ቤተልሔም ድረስ ይሄዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት ፍለጋ ዙር አምባ ይወጣል። ድፋት፣ ሒደት፣ ቅናት፣ ይዘት እያለ በምልክት ላይ ዓመታት ይፈጃል። ቢያንስ ርክርክ የተባለው ምልክት ቢቀርለት ምን ነበረበት? ርክርክ ጉሮሮ ያደክማል። ዜማው አልሆን ሲለው የኔታ «ገና ነህ፣ ድገመው» ይሉታል እንጂ «የማያስቸግርህን ምረጥ» ብለውት አያውቁም። እንዲህ ያለ የጨከነ መምህር የትኛውን የተማሪዎች ምዘና ያልፋል?

የእኛ ምሽት ግን ያምራል። አበባው ተዘጋጅቷል፣ ቪዲዮ ቀራጩ ቦታውን ይዟል፣ ፈታኞቹም ውጤቱን ከወዲሁ ስለሚያውቁት አይጨነቁም። ሦስት ዘፈን፣ ሦስቱም አጫጭር፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል የቀሚስ ቅያሪ አለ፤ ቅያሪው ከዘፈኑ ይረዝማል። እናት እልል ትላለች፤ ጓደኞች ስልካቸውን ከፍ አድርገው ይቀርጻሉ።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ ልጨምር። በየዓመቱ የጽጌን ሌሊት ቁስቋም ቆመው የሚያድሩትን አያቷን አትጥሯቸው። ሁሉ አልቆ፣ አበባው ተሰጥቶ፣ ሰው ለፎቶ ሲሰለፍ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው «እሰይ የኔ ልጅ፣ ድምፅሽን አሟሟቅሽው፤ አሁን መቼ ነው የምትጀምሪው?» ይሏታል።